የባሕሩ በረዶ በኖርጅማ ደጅ

በዛቭኻን ሸለቆ፣ ግልገሏን አላጠባም ያለች በግ ስትገኝ ሰው ፈረሱን ጭኖ የሚሄደው ወደ ኖርጅማ ነበር። የበጓን አንገት አቅፋ «ቶይግ፣ ቶይግ» እያለች ስታንጎራጉርላት የድንጋይ ልብ ይባባል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት መንጋዋና ይህ ድምፅዋ ነው። ልጇ ከዋና ከተማው ከኡላንባታር «በቃ ሽጠሽ ነይ» ባላት ቁጥር፣ «በጎቼ ይውለዱና» ትላለች።

በዚያ ዓመት ብርዱ ዘገየ። ጎረቤቷ ጋልሳን ድንኳኑን ነቅሎ ወደ ደቡብ ሊወርድ ሲል ደጇ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ አብረን እንሂድ። ይህ ሙቀት አላማረኝም። በሰሜን ጫፍ ያለው ባሕር ዘንድሮ በረዶ አልያዘም ይላል ራዲዮኑ። ባሕሩ ራቁቱን ሲቀር፣ እዚያ ታስሮ የሚከርመው ቁር ገመዱን በጥሶ ወደኛ ይወርዳል ብለው ሊቃውንቱ ይጠረጥራሉ።»

«ባሕር አይተህ ታውቃለህ?»

«የት አይቼ!»

«እንግዲያው ላላየኸው ባሕር ብለህ ሚስትህን አታንከራታት።» ሳቀች። «አባቶቻችን ብርዱን በዘጠኝ ዘጠኝ ቀን ከፍለው ቆጥረውልናል። የበሬ ቀንድ የሚሰነጥቀው ሦስተኛው ዘጠኝ ነው። እኛ የመጀመሪያው እንኳ አልገባልንም። ሲገባ እከተልሃለሁ።»

ዘጠኙ ሳይገባ ዝናብ መጣ። በብርድ ወራት ዝናብ! ቀን ሙሉ በረዶውን ሲያቀልጥ ዋለ፣ አመሻሹ ላይ ከሰሜን ነፋስ ተነሣ፣ ምድርም እንደ ብረት ጠጠረች። ሣሩ ከበረዶው ሥር ቢጫ ሆኖ ይታያል፤ እንደ ሟች ፎቶግራፍ፣ ይታያል እንጂ አይነካም። በጎቹ ሰኮናቸው እስኪደማ ጫሩት። መውጫው መንገድ ፈረስ አላስቆም አለ። ኖርጅማ ፍራሿን ቀድዳ ጭድ አበላቻቸው። እንደ ቆሙ ሞቱ።

በፀደይ ጋልሳን ተመለሰ። እሱም ከመንጋው የተረፈው ጥቂት ነው። ከካፖርቱ ውስጥ እናቱ የሞተችበትን ግልገል አወጣ።

«ላሾፍብሽ አልመጣሁም፣ እትዬ።»

«ብታሾፍ ይሻለኝ ነበር። ያ ባሕርህ ደጄ ድረስ መጥቶ ሄደ።»

አንዲት በግ ቀርታላት ነበር፤ የወለደችው በማግስቱ ሞቶባታል። ኖርጅማ ተንበርክካ አንገቷን አቀፈች።

*ቶይግ፣ ቶይግ፣ አትሽሺው፣ ጠጋ በይለት ከጎኑ፣*
*ያንቺም ልጅ ሞቷል፣ የሱም እናት፣ ሁለታችሁ አንድ ሁኑ።*

በጓ መጀመሪያ ረገጠችው። ቆይታ አሸተተችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ እግሯንም ከፈት አደረገችለት። ግልገሉ ጠባ፤ በግንባሩ ጎሸም አድርጎ ደግሞ ጠባ፤ ጮኸ። ጋልሳን ጎንበስ ብሎ ጡቷን ጨመቀው። ጠብ የሚል ነገር የለም፤ ረሃቡ አድርቆታል።

ኖርጅማ ግን ማንጎራጎሯን አላቋረጠችም። እንጉርጉሮው የታዘዘውን ሠርቷል፤ እናት ልጇን ተቀብላለች። በመጨረሻ ድምፅዋ ሲሰልል፣ ከበጓ ሳትላቀቅ፣

«ለልጄ ደውልለት፣» አለችው። «ትመጣለች በለው።»

ጋልሳን፣ እሷ ከተማ ገብታ ለማን እንደምታንጎራጉር እያሰበ፣ ስልኩን ከካፖርቱ አወጣ። ግልገሉ አሁንም ባዶውን ጡት ይስባል።