ጨው ያልነካው ኖራ

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ባዶ እግሩን የሚራመድ ማንቆርቆሪያ ነው። በከሰል ግድግዳው ላይ ተሥሏል። ከጎኑ ጉትቻ ያደረገ ዙርባ ጫት ቆሟል። አሰበ ተፈሪ ውስጥ ቀበሌው እስር ቤት ያደረገው የቡና መጋዘን ነበር፤ ከእኔ በፊት አሥራ አንድ ሴቶች ገብተውበታል።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩ።

«የሄዱት ናቸው» አለችኝ የሣለችው። ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድባ የመጣች የሥዕል አስተማሪ ነበረች።

«ሐረር ትዛወሪያለሽ» ተብላ የወጣች አንዷም አልተመለሰችም። ፊታቸውን ብትሥል ጠባቂዎቹ ያውቁታል። ስለዚህ ማንቆርቆሪያው ለኡዱ፣ ለሶላት መታጠቢያ፣ ካስቀመጠችው ውኃ ለሁሉም ታካፍል የነበረችው የቦኬዋ አሮጊት ናት፤ ዙርባው የገለምሶዋ ጫት ነጋዴ። ጠባቂዎቹ የእብድ ሥራ ነው ብለው ይስቃሉ።

እኔን ያሳሰረችኝ የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ነበረች፤ የአጥር ጎረቤቴ። ምክንያቱን እሷም እኔም እናውቀዋለን፤ እዚህ አልጽፈውም።

በሦስተኛው ሳምንት አስተማሪዋ ተጠራች። ከሰሏን በእጄ አስጨበጠችኝ።

«እኔንስ ማን ይሥለኛል?» ብላ ሳቀች። ሌላ የሳቀ የለም።

መሣል አልችልም። መዳፌን ግድግዳው ላይ ዘርግቼ ዙሪያውን በከሰል አሰመርኩ። በአምስት ጣቶቿ የቆመች እጅ ሆነች፤ አስተማሪዋ እሷ ናት። አስቀያሚ ነበረች።

በማግሥቱ ሊቀመንበሯ መጣች። ከበላይ እንግዶች ሊጎበኙን ነበር።

«ይሄን ሰይጣን ማነው እዚህ ያመጣው?»

«አቦ፣ አላወቅሻቸውም እንዴ ጓድ?» አለቻት አንዲት የሂርና ልጅ። «አንቺው አይደለሽ የሸኘሻቸው?»

በጥፊ መታቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ባልዲ፣ ኖራና አንድ ጣሳ ጨው አስመጥታ ነበር።

«ኖራ መቀባት ትችያለሽ፤ እኔው ነኝ ያስተማርኩሽ። ጨዉን እንዳትረሺ።»

እውነቷን ነው፤ ደግ ጎረቤት ሳለን እሷ ናት ያስተማረችኝ። ኖራ ያለ ጨው ግድግዳ አይዝም፤ ሲደገፉት ይራገፋል።

አልረሳሁትም። ጨዉን በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት። ግድግዳውን በውኃና በኖራ ብቻ ነጭ አደረግሁት፤ ማንቆርቆሪያውን፣ ዙርባውን፣ በመጨረሻም እጇን። ለሳምንታት አልጫ የበላነውን ንፍሮ ያን ቀን በጨው በላን። የሂርናዋ ልጅ ባበጠ ጉንጯ እያኘከች «ወላሂ፣ ጓድ ጋበዘችን!» አለች።

እንግዶቹ መጡ፤ ንጽሕናውን አመስግነው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ በየተራ ጀርባችንን ለግድግዳው ሰጠን። ቀን ከቀን ኖራው ከቀሚሳችን ጋር ወረደ። እኔ ስፈታ ማንቆርቆሪያው ከነእግሩ፣ ዙርባው ከነጉትቻው ደብዘዝ ብለው ወጥተው ነበር። እጇም።

መጋዘኑ ፈርሷል፤ ቦታው ላይ ባጃጅ ይቆማል። የአስተማሪዋን ፊት ዛሬ በደንብ አላስታውሰውም፤ በዚህ ራሴን ይቅር አልልም። ሊቀመንበሯ አለች፤ አርጅታለች። በቀደም ለቅሶ ቤት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ያ ሁሉ አለፈ እኮ፣ እህቴ» አለችኝ። «እንርሳው።»

የቀረበልንን ንፍሮ ቀመስኩ።

«ጨው አንሶታል» አልኳት።

ጉልበቷን ይዛ ልታመጣልኝ ተነሳች። ተቀመጪ አላልኳትም።