ዘይት የሚጠጣው ሚኒባሴ

ሚኒባሴ ዘይት መጠጣት ጀመረ። ፈሶ ነው እንዳልል ከሥሩ መሬቱ ደረቅ ነው። ከደባርቅ አዲ አርቃይ ወርጄ ስመለስ የዘይት መለኪያው ዘንግ ጫፉ ብቻ ይረጥባል። ከኋላዬ የሚመጡ ሾፌሮች መብራት እያበሩ «ሽማግሌው፣ በጭስ ጨረስከን እኮ!» ይሉኛል። ነጂ የራሱን ጭስ አያይምና አላመንኳቸውም።

ደባርቅ ያለው መካኒክ አንዴ አስነስቶ አየና «ፋሻው አልቋል፤ ሞተሩ ይውረድ» አለኝ። ፋሻ የሚሉት ፒስተኑን የሚከበው፣ ዘይት ወደ እሳቱ እንዳያልፍ የሚይዘው ቀለበት ነው። ልጆቼ ይህችን ሰሙና «በቃ ይሽጡት፤ ይረፉ» አሉኝ። መኪናው ከሄደ እኔ ደጅ ተቀምጬ ፀሐይ ስሞቅ ልውል ነው። እምቢ አልኩ። ምክንያት አልነበረኝም፤ እንዲያው እምቢ።

ዳባት ጎበዝ መካኒክ አለች ሲሉኝ ሄድኩ። ጠና ያለች ሴት ናት፤ ለብርዱ ቱታዋ ላይ ሹራብ ደርባለች። ሞተሩን አልነካችም። ወንበር ሰጥታ ጠየቀችኝ።

«አባባ፣ መቼ መቼ ነው የሚያጨሰው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የማየው ፊት ለፊቴን ነው።»

ሳቀች። «እንግዲያው ከኋላ እኔ ልይልዎ።»

በማግስቱ በራሷ መኪና እየተከተለችኝ ሊማሊሞን ወርደን ወጣን። ቁልቁለቱ ላይ ጭስ የለም። ዳገቱ ላይ ነዳጅ ስሰጠው ሰማያዊ ጭስ ወጣ። አፋፉ ላይ አጥፍቼ እንደገና ሳስነሳው ግን ደመና ነው የለቀቀው።

እዚያው ቆመን የዘይቱን መክደኛ ከፈተችና መዳፏን ዘረጋችበት። «ፋሻው ቢያልቅ እዚህ ጋ በኃይል ይተነፍስ ነበር። ይኸው ጸጥ ብሏል» አለች። ቀጥላ ሞተሩን አስጠፍታ፣ እስኪበርድ ጠብቃ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ ፈታች፤ ውስጡ ዘይት አቁሯል። ቱርቦ የጭሱ ግፊት እያሽከረከረው ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋ ትንሽ ማራገቢያ ነው። መሀሉ ያለውን ዘንግ በሁለት ጣቷ ስትነቀንቀው እንደ ላላ ጥርስ ተወዛወዘ። «እርስዎም ይዩት» አለችኝ፤ እኔም ነቀነቅሁት።

«ሞተርዎ ደህና ነው፤ የታመመው ይሄ ነው፤ ዘይቱን የሚያሾልከውም እሱ ነው።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ቅድም እንደደረሱ ለምን አጠፉት?»

«ቤተ ክርስቲያኑን አታይም? ዳገቱን በሰላም ላወጣኝ አመሰግናለሁ፤ እሳለማለሁ። ደጁ ላይ ሞተር እያጓራ ይጸለያል?»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው? ወዲያው?»

«ጎማው በቅጡ ሳይቆም። መንዳት ከጀመርኩ ጀምሮ።»

የድሮው መኪናዬ ቱርቦ አልነበረውም፤ ያን ጊዜ ወዲያው ባጠፋውም ምንም አይሆንም ነበር።

ራሷን ያዘች። «አባባ፣ ዳገቱን ሲወጡ ቱርቦው እንደ ፍም ይግላል። የሚያቀዘቅዘው ዘይቱ ነው። ሞተሩን ሲያጠፉት ዘይቱ መምጣቱን ያቆማል፤ ውስጥ የቀረውም ያርራል። እርስዎ ሲሳለሙ እሱ ይቃጠላል።»

«ታዲያ እግዚአብሔርን በሞተር ጩኸት ልጥራው?»

«በዚህ ሁሉ ንፋስ ሲሰማዎት የኖረ በአንድ ሚኒባስ ያቅተዋል?»

«አያቅተውም» አልኳት። እኔን የሚያውቅ ይህ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ያውቃል።

ቱርቦውን ቀየረችልኝ። አሁን አፋፉ ላይ ሞተሩን በቀስታ እንዲሠራ ትቼ አባታችን ሆይን ሦስት ጊዜ እደግምና ከዚያ አጠፋለሁ። መጀመሪያ ቀን አንዲት ተሳፋሪ «ምነው አላጠፉትም፣ ቸኩለው ነው?» አለችኝ። «አይ፣ ዛሬ ጸሎቴ ረዝሞ ነው» አልኳት።

ብዙ ከተመላለስኩ በኋላ ዳባት ሄድኩ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ራሷ መዝዛ ጠረገችው፤ መልሳ ከትታ አወጣችው። ዘይቱ ላይኛው ምልክት ላይ ነው።

«ይንዱ» አለችኝ።

ማመስገን ፈልጌ «የክርስትና ስምሽ ማን ነው?» አልኳት። እጇን በጨርቅ እየጠረገች ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም። አፋፉ ላይ ስደርስ ከልጆቼ ስም አስቀድሜ እጠራዋለሁ፤ ልጆቼ ይህን ካነበቡ ይቆጡ።