መምህር አትዩ እና የላጲሱ ጣጣ

የሥዕል አስተማሪው እናቱ ያወጣችለት ደህና ስም ነበረው፤ ተማሪዎቹ ግን «መምህር አትዩ» ነው የሚሉት። ምን ያድርጉ? ክፍለ ጊዜው ተጀምሮ እስኪያልቅ ከአፉ የማይጠፋው ይኸው ቃል ነዋ! «አትዩ! አንተ፣ አትይ ብያለሁ! ኧረ ወረቀቱን አትግለጪ!»

ጨዋታው ቀላል ነው። አንድ ወረቀት ለሦስት ልጆች ይሰጣል። የመጀመሪያው ጭንቅላት ሥሎ፣ አጥፎ ደብቆ ያቀብላል። ሁለተኛው ከላይ ያለውን ሳያይ ሆድ ይሥላል፤ ሦስተኛውም ሳያይ እግር። ሲዘረጋ የዶሮ ራስ፣ የማንቆርቆሪያ ሆድና የብስክሌት እግር ያለው ጉድ መውጣት ነበረበት። እነዚህ ግን አጮልቀው ያያሉ፣ ይንሾካሾካሉ፣ መጨረሻ ላይ ክራባት ያሰረ ጨዋ ሰው ያስረክቡታል። ሁሌም ክራባት! አስተማሪው አንጀቱ አረረ።

በዚህ ላይ ዳይሬክተሯ መጣችበት። «ነገ እመጣለሁ። ዓይን የሚገባ ሥራ ካላየሁ ክፍለ ጊዜውን ለሒሳብ እሰጠዋለሁ። ቅር እንዳይልዎት።» ቅር እንዳይልዎት! ሌላውን ቀን ጂኦግራፊ ሲለፈልፍ የሚውል ሰው፣ በሳምንት ሁለቴ ያለችውን የሥዕል ሰዓት ቀምታው ቅር እንዳይለው!

የዚያን ዕለት ግን ቀን ወጣለት። ልጆቹ አላዩም። ወረቀቶቹ ሲዘረጉ ዴስኩ እስኪነቃነቅ ሳቁ፣ እሱም አብሯቸው ሳቀ። ሥራቸውን ለክፍሉ አለቃ፣ ለአንዲት ጥንቁቅ ልጅ ሰጥቶ፣ «ጠዋት ግድግዳው ላይ ለጥፊው» ብሏት ደስ ብሎት ወጣ።

ጠዋት ዳይሬክተሯን አስከትሎ ሲገባ ክራባት ያሰሩ ጨዋ ሰዎች ግድግዳው ላይ ተሰልፈው ጠበቁት። ዶሮው የለ፣ ማንቆርቆሪያው የለ።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አለች ዳይሬክተሯ። «ንጹሕ ሥራ! ክፍለ ጊዜው ይቀጥል።» ብላ ወደ በሩ አመራች።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ዝም ቢል ምን ነበረበት? አልቻለም።

«ማነው የነካካው?»

አለቃዋ ተነሣች። «እኔ ነኝ ቲቸር። እንዳይስቁብዎት ብዬ በላጲስ አጠፋሁና አስተካከልኩት።» ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ኤጭ! ለእሱ አዝና ያደረገችውን ምን ይበላት? «ላጲስ አምጡ! ሁላችሁም!» ብሎ እየሰበሰበ ኪሱ ከተተው። እሷ ግን የራሷን ጨብጣ ቀረች።

«ብሳሳትስ?»

«ተሳሳቺ! በናትሽ፣ አንዴ እንኳ ተሳሳቺ!»

ዳይሬክተሯ ከበሩ ተመለሰች። «መምህር፣ ተማሪ ተሳሳቺ ይባላል?»

«በኔ ክፍለ ጊዜ ይባላል!» አለ። ክፍለ ጊዜው እንዳከተመለት ገብቶታል፤ ምላሱ ግን አልታዘዝ አለው።

ልጅቷ ሁለቱንም አየቻቸው። ላጲሷን መዳፉ ላይ ጣለችና ከደብተሯ ወረቀት ገንጥላ፣ ከእርሳስ ጋር ለዳይሬክተሯ ዘረጋችላት። «ጭንቅላቱን እርስዎ ይሣሉ። እኛ አናይም።» ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞራ ጮኸች፦ «አትዩ!»

ክፍሉ በሙሉ ዓይኑን ሸፈነ፤ አስተማሪውም ጭምር።

«ላጲስ አለ?» አለች ዳይሬክተሯ ከአፍታ በኋላ።

«የለም» አለ ኪሱን ይዞ።

ደወሉ ተደወለ። ቀጣዩ ተረኛ፣ የሒሳቡ አስተማሪ፣ ጠመኔውን ይዞ በሩ ላይ ብቅ አለ።

«ቆይ!» አለችው ዳይሬክተሯ ቀና ሳትል። «አልጨረስኩም።»