የሚስ ፔልቲየር ምክር

ማርጎ ፔልቲየር በዳንተን ፎልስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ሆና ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች። ቢሮዋ ከስፖርት አዳራሹ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ እዚያ ማዶ ኳስ በተመታ ቁጥር እዚህ መደርደሪያው ይንቀጠቀጣል። ሜይን በሚባለው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ውስጥ፣ ወንዝ ዳር ካለችው ከዚህች የወረቀት ፋብሪካ ከተማ ወጥቶ ኮሌጅ የገባ ሰው ካለ፣ ወረቀቱ በእሷ እጅ አልፏል ማለት ነው። ልጆቹ «ሚስ» ይሏታል። ተመርቀው፣ አግብተው፣ ፀጉራቸው ሸብቶም ያው «ሚስ» ነው የሚሏት።

ሲያሟት ደግሞ «ፊርማ ሰብሳቢዋ» ነበር የሚሏት። ኮሌጆች ለችግረኛ ልጅ የገንዘብ ድጋፍ ከመስጠታቸው በፊት የወላጅን ገቢ፣ የቤቱን ዋጋ፣ ባንክ ያለውን ሁሉ ዘርዝሮ የሚያሳይ ቅጽ ይጠይቃሉ። የዳንተን ፎልስ አባቶች ግን ሱሪያቸውን አውልቁ ቢባሉ ይሻላቸዋል፤ ደሞዛቸውን ለማያውቁት ሰው አያሳዩም። ስለዚህ ማርጎ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ቤተሰቡ የአገሩ የቅዳሜ ራት በሆነው ባቄላ ዙሪያ ሲሰበሰብ ጠብቃ ትሄዳለች። ትበላለች፣ ስለ አጋዘን አደን ታወራለች፣ «ጨምሪ» ሲሏት ትጨምራለች። አባትየው በደንብ ከጠገበ በኋላ ቅጹንና እስክሪብቶዋን ታወጣለች። ያላስፈረመችው አባት ቢኖር ሁለት ወይም ሦስት ነው።

ብልሃቱን የተማረችው ከራሷ አባት ነው። በ1978 ጸደይ፣ ማርጎ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፣ አንድ ስመ ጥር ኮሌጅ «ተቀብለንሻል» ብሎ ጻፈላት። የቀረው ያ ቅጽ ብቻ ነበር። አባቷ አርማን ፋብሪካው ውስጥ ሦስተኛው ማሽን ላይ የሚሠራ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበበና መልሶ ሰጣት። «ድህነቴን ጽፌ ለማንም አልልክም» አላት። ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ እስኪሞት ድረስ አንስቶ አያውቅም። እሷም በአጎቷ መኪና እየተመላለሰች ቅርብ ያለውን የመምህራን ኮሌጅ ጨረሰች። አባቷን ይቅር ብያለሁ ትል ነበር፤ ለጠየቃት ሁሉ እንዲህ ነበር የምትለው።

ጆስሊን ሌቫሰር ቢሮዋ የገባችው ማርጎ ጡረታ ልትወጣ ሦስት ዓመት ሲቀራት ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥያቄ ስትጠየቅ ከመመለሷ በፊት ሰውን የሚያስጨንቅ ዝምታ ያላት ልጅ ነበረች። እናቷ ሮክሳን የአረጋውያን ማቆያው ውስጥ ልብስ አጣቢ ናት፤ እሷም በጊዜዋ የማርጎ ተማሪ ነበረች። አባቷ ጥሏቸው ከሄደ ቆይቷል። የትምህርት ቤቱ ከፍተኛ የሂሳብ መምህር ጡረታ ወጥቶ ምትክ ሲጠፋ ትምህርቱ ተሰርዞ ነበር። ጆስሊን ግን ሰውየው ትቶት የሄደውን መጽሐፍ ይዛ ቤተ መጻሕፍት ጥግ ላይ ተቀመጠችና ብቻዋን ጨረሰችው። ጠርዙ ላይ በእርሳስ «ይህ መልስ ስህተት ነው» ብላ የጻፈችባቸው አራት ቦታዎች አሉ። ማርጎ አራቱንም ለሂሳብ ሊቅ ልካ አረጋገጠች። ልጅቷ ትክክል ነበረች።

ማርጎ ያን ቀን ቤቷ ስትመለስ መኪናዋ ውስጥ ብቻዋን ስትስቅ ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ በሠላሳ ዓመት አንዴ ይመጣል። ለየትኛው ኮሌጅ እንደምታመለክት ሲነሳም ማርጎ ብዙ አላሰበችም። በ1978 የጻፈላትን ያንኑ ኮሌጅ መረጠችላት።

ኮሌጁ የአባትየውንም ቅጽ ፈለገ። ማርጎ ሰውየውን ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ጎማ ቤት ሲሠራ አገኘችው፤ ሦስት ሰዓት ነድታ ሄደች። መጀመሪያ «ልጅቱ ልካሽ ነው?» አላት፤ «እኔ ነኝ የመጣሁት» አለችው። እጁን በጨርቅ ጠረገና መኪናዋ ኮፈን ላይ ፈረመ። ስትመለስ በመንገዱ ሁሉ ዘፈነች።

ማርች ላይ መልሱ መጣ። እሺም አላሉ፣ እምቢም አላሉ። ጆስሊን ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ገብታለች፤ ተቀባይነት ካገኙት አንዳንዶቹ ሳይመጡ ከቀሩና ቦታ ከተገኘ ትጠራለች። ልጅቷ ደብዳቤውን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። «የክፍለ ግዛታችን ዋናው ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎኛል፤ እሱ ይበቃኛል፣ ሚስ» አለች።

ይበቃታል ማለቷ እውነትነት ነበረው። ከተማዋ ውስጥ የዊትከም አደራ የሚባል፣ ለተማሪዎች የተተወ አሮጌ ገንዘብ አለ። በየዓመቱ አንድ ልጅ ይመረጥና የክፍለ ግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ትምህርቱን፣ መኝታውን፣ ምግቡን፣ መጽሐፉን አራት ዓመት ሙሉ ይከፍልለታል። የዚያ ዓመት ተመራጭ ጆስሊን ነበረች። አንድ ግዴታ ብቻ አለው፦ እስከ ሜይ መጀመሪያ ቀን ድረስ ተማሪው ሌላ ማመልከቻዬን ሁሉ ትቻለሁ፣ ተጠባባቂ ዝርዝርም ውስጥ የለሁም ብሎ መፈረም አለበት።

ማርጎ ኮሌጁ ደወለች። ስልኩን ያነሳው ስፔንሰር የሚባል፣ ድምፁ የለሰለሰ ወጣት ነበር። ስለ ጆስሊን ያልተናገረው መልካም ነገር የለም። ያ ማስታወሻ ያለበት መጽሐፍ ቢሮውን ሁሉ እንዳነጋገረ፣ ባለፈው ዓመት ከዝርዝሩ አርባ ልጅ እንደወሰዱ፣ እሷን የመሰለች ተማሪ ብትመጣላቸው ደስታውን እንደማይችሉት ነገራት። ቃል ግን አልገባላትም። ማርጎ በኋላ ንግግሩን ደጋግማ ስታስታውሰው፣ ሰውየው ሊያዝበት የሚችል አንድም ቃል እንዳላወጣ ገባት። ያን ዕለት ግን ስልኩን የዘጋችው ልጅቷ የገባች ያህል ቆጥራ ነው።

ከዚያ የአደራውን ገንዘብ የሚያስተዳድሩት ጠበቃ አቶ ሃርሞን ዊትከም ዘንድ ሄደች። ቀኑን ሁለት ሳምንት ብቻ እንዲያራዝሙላት ለመነቻቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ሲያዳምጧት ቆዩ።

«ማርጎ፣ ይህን ግዴታ ማን እንዳስገባው ረሳሽው?»

አልረሳችም። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ልጅ ገንዘቡን ተቀብሎ ኦገስት ላይ ሌላ ቦታ ሲሄድ፣ ለቀጣዩ ተማሪ ጊዜው አልፎ ዕድሉ ባክኖ ቀርቶ ነበር። ያኔ እዚህችው ወንበር ላይ ተቀምጣ ግዴታው እንዲጻፍ የተከራከረችው ራሷ ናት።

«ለአንቺ ብዬ ባጥፈው» አሏት ዊትከም፣ «በሚመጣው ዓመት ለሌላው ምን ልለው ነው?» እስከ በሩ ሸኟት።

ኤፕሪል ሃያ ዘጠኝ ቀን ሮክሳንና ጆስሊን ቢሮዋ መጡ። ሮክሳን ከሥራ ነው የመጣችው፤ እጇ በሙቅ ውኃና በሳሙና ቀልቷል። የአደራው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሮክሳን ነገር አላበዛችም። የተያዘ ነገር ተይዟል፣ አራት ዓመት ሙሉ ሳንቲም የማይጠየቅበት ትምህርት የት ይገኛል፣ እኔ ትፈርም ባይ ነኝ አለች። ማርጎ ስለ ኮሌጁ ላቦራቶሪዎች አወራች፤ እዚያ ያለፈ ሰው የማይከፈትለት በር እንደሌለ፣ ስፔንሰር ያላትን ሁሉ ነገረቻቸው። ገንዘቡን በተመለከተ ኮሌጁ ሀብታም ነው፣ ለችግረኛ ይከፍላል አለች። ግድግዳው ማዶ ኳስ ይመታል።

ጆስሊን እስክሪብቶውን አንስታ ነበር። መልሳ አስቀመጠችው።

«ሚስ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?»

«እኔ ብሆን እጠብቅ ነበር» አለች ማርጎ።

ልጅቷ እናቷን አየች። ሮክሳን ትከሻዋን ሰበቀች። «እርስዎ የሚያውቁትን እኛ አናውቅም» አለች። ተነሱና ሄዱ፤ ወረቀቱ ሳይፈረም ቀረ። ቀነ ገደቡ ባለፈ ማግስት ዕድሉ በአደራው ዝርዝር ለሚከተለው ልጅ ተሰጠ። ያ ልጅ ዛሬ መሐንዲስ ነው፤ ምስጉን ልጅ ነው፤ ማንም ሊቀየመው አይችልም።

ሜይ አለቀ። ማርጎ በየሳምንቱ ስትደውል ስፔንሰር በትሕትና «ገና ነው» ይላታል። ጁን አሥራ አንድ ቀን ኮሌጁ ጆስሊንን ቦታ ተገኝቶልሻል አላት። ሮክሳን ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ደውላ ስልኩ ላይ አለቀሰች። ማርጎም አለቀሰች። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ኬክ ገዝታ መጣች፤ የሂሳብ መጽሐፉን ጉዳይ የሰሙ አስተማሪዎች ሁሉ እየመጡ ቆረሱ።

የገንዘቡ ደብዳቤ በአራተኛው ቀን ደረሰ። ድጋፍ በሚለው ረድፍ ላይ ዜሮ ነበር። ከሥሩ ቤተሰቡ በዓመት ሰባ አራት ሺህ ዶላር በብድር ሊሸፍነው እንደሚችል ተጽፏል። ሮክሳን በዓመት የምታገኘው የዚያን ግማሽ አይሞላም።

ማርጎ ደወለች። ስፔንሰር በጣም አዝኗል። የድጋፉ ገንዘብ ማርች ላይ ለገቡት ተደልድሎ አልቋል፤ ከተጠባባቂ ዝርዝር ለሚጠሩ ድጋፍ እንደማይኖር ድረ ገጻቸው ላይ በግልጽ ተጽፏል አላት።

ተጽፏል። ማርጎ አንብባዋለች። እዚያ ኮሌጅም፣ ሌላም ቦታ፣ በየዓመቱ አንብባዋለች። ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ለገባ ተማሪ ሁሉ ያችን መስመር አስምራ «ይህን ሳታይ እንዳትጠብቅ» የምትለው እሷ ነበረች። ለጆስሊን አላሰመረችም። ስልኩን ዘግታ፣ ለምን እንዳላሰመረች የምትነግረው ሰው አጥታ ሳይሆን፣ ለመናገር ስለፈራች ብቻዋን ተቀመጠች።

ያልሞከረችው የለም። ዋናው ዩኒቨርሲቲ ልጅቷን አሁንም ይቀበላል፣ ግን የቀረው ድጋፍ ትንሽ ነው፤ የሚጎድለውን በብድር መሙላት ነው። ሮክሳን የብድር ወረቀት ቤቴ አይገባም አለች። ማርጎ ጡረታዬን ነክቼ እኔ ልክፈል ስትል ደግሞ ሮክሳን ያየቻት አስተያየት ዳግመኛ እንዳታነሳው አደረጋት። አንድ ዓመት ትጠብቅና እንደገና ታመልክት ተባለ። የአደራው ገንዘብ በዚያው ዓመት ለሚመረቁ ብቻ ነው። የአባትየውን ቅጽም እንደ አዲስ ማስፈረም ያስፈልጋል፤ ሰውየው ደግሞ ከጎማ ቤቱ ለቅቆ የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። በመከር ማርጎ አዲስ ቅጾች ይዛ ቤታቸው ስትሄድ ጆስሊን በሩ ላይ ተቀበለቻት፤ ይግቡ አላለቻትም።

«ሚስ፣ ሌላ ሰው መዝኖኝ እስኪጨርስ ቆሜ የምጠብቅበት አቅም የለኝም» አለቻት። ቁጣ አልነበረበትም። ቅጾቹን ተቀብላ አመሰገነቻት። ተሞልተው አልተመለሱም።

የበረዶው ክረምት ሲገባ ማርጎ ሮክሳንን ገበያ ማዕከሉ መኪና ማቆሚያ ላይ አገኘቻት። ሮክሳን የገዛችውን ዕቃ መኪናዋ ውስጥ ስታስገባላት ቆየች። ሮክሳን የኋላውን በር ዘግታ ዞረች።

«አልተቀየምኩዎትም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት፤ ያን ጊዜ የጠበቁት ለእሷ ነበር ወይስ ለራስዎ?»

«ለሁለታችንም መስሎኝ ነበር» አለች ማርጎ።

«ማመልከቻው ላይ የነበረው ስም አንድ ነው» አለች ሮክሳን። መኪናዋን አስነስታ ሄደች።

ማርጎ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሠራች። ሥራዋን አላጓደለችም፤ እንዲያውም ከልክ በላይ ጠንቃቃ ሆነች። ትልቅ ኮሌጅ የተመኘ ልጅ ሲመጣ አደጋውን ብቻ ስትደረድርለት ትውላለች። አንድ ወላጅ «ልጄን ተስፋ አስቆረጠችብኝ» ብሎ ለርዕሰ መምህሩ ከሰሳት። ጡረታ ስትወጣ አዳራሹ በቀድሞ ተማሪዎቿ ተሞላ፤ ሐኪም የሆኑ፣ ዳኛ የሆኑ ከሩቅ መጡ። አንዱ ተነስቶ አባቴን ባቄላ እየበላች እንዲህ አስፈረመችው ብሎ ሲናገር ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች። ስጦታዎቹን መኪናዋ ውስጥ ስታስገባ ግን የማንኛቸውም ስም ትዝ አላላትም።

ጆስሊን መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። በማታ ትምህርት የረዳትነት ፈቃድ አውጥታ ባንኮኒው ጋ ትቆማለች። ፈጣን ናት፤ መድኃኒት ቀማሚው ያላያቸውን ስህተቶች ታገኛለች ይባላል። ማርጎ የደም ግፊት መድኃኒቷን በየወሩ እዚያ ትወስዳለች። ሌላው መድኃኒት ቤት ሃያ አምስት ማይል ይርቃል፤ ሁለት ወር እዚያ ሞክራ ክረምቱ ሲበረታ ተወችው። ጆስሊን እንደማንኛውም ሰው ስሟንና የተወለደችበትን ቀን ትጠይቃታለች፤ ሕጉ ነው። ማርጎም እንደማንኛውም ሰው ትመልሳለች።

ባለፈው ኤፕሪል ከኋላዋ ሰልፈኛ ስላልነበረ ማርጎ ደፍራ ስለ ጆስሊን ታናሽ እህት ስለ ኦዲል ጠየቀቻት። ኦዲል የመጨረሻ ክፍል ደርሳ ነበር። ጆስሊን የአደራው ገንዘብ ለኦዲል እንደተፈቀደ፣ ወረቀቱን ማርች ሳያልቅ ቤት ውስጥ ሁለቱ ተቀምጠው እንደሞሉት ነገረቻት።

«አንድ ትልቅ ኮሌጅም ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ አስገብቷት ነበር» አለች። «በዚያው ዕለት እንድትተወው አደረግኳት።»

«የሚያስፈልጋችሁ ነገር ካለ፣ ቤት ነው የምውለው» አለች ማርጎ።

«አይ፣ ጨርሰናል፣ ሚስ።» ጆስሊን ከረጢቱን አጥፋ ደረሰኙን በላዩ ለጥፋ ሰጠቻት። በቀን አንዴ፣ ከምግብ ጋር እንዲወሰድ ነገረቻትና ቀጣዩን ሰው ጠራች።