የሚጡ ድምፅ በአባቷ አፍ

ፀጉር አስተካካዩን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ሰፈሩ በሙሉ «ሬዲዮ» ነው የሚለው፤ ሚስቱም ሲብስባት «ኧረ ይሄን ሬዲዮ የሚዘጋልኝ ሰው!» ትላለች። መቀሱ ቢያርፍ እንኳ አፉ አያርፍም። የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ የማን እጮኛ እንደኮበለለች፣ ዳቦ ቤቱ ዳቦውን ለምን እንዳሳነሰ፣ ሁሉም የሚሰማው ከእሱ ሱቅ ነው። ፀጉራቸው ሳያድግ ለወሬ ብቻ የሚመጡ ደንበኞችም አሉት። ጡረተኛው ጋሼ ለምሳሌ አናታቸው እንደ ሳህን የጠራ ነው፤ ማጅራታቸው ላይ የቀረችውን ጥቂት ፀጉር ሊያስነኩ በየሳምንቱ ይመጣሉ።

ሬዲዮ አንዲት ልጅ አለችው፤ አራት ዓመቷ ነው፤ ሚጡ ይሏታል። ሚጡ አትናገርም።

ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ የፈለገችውን በጣቷ ታሳያለች። «ፎጣውን አምጪ» ሲሏት ታመጣለች፤ «ተይ» ሲሏትም ትተዋለች፣ ደስ ካላት። ቃል ግን አይወጣትም። ይህን ከእናትና አባቷ በቀር የሰፈሩ ሰው አያውቅም። በዚያ ሰፈር፣ በዚያ ሱቅ፣ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ተደበቀ? ጉዱ እዚህ ላይ ነው።

እናትየው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ስለምትውል ልጅቷ የምትውለው ሱቅ ነው። ትንሿ ወንበሯ ከመስታወቱ ሥር፣ ከአባቷ እግር አጠገብ ናት። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው ጫማዋን እንጂ ፊቷን አያይም። አንድ ቀን ደንበኛው የሆነ አንድ ሾፌር አንገቱን ደፍቶ ማጅራቱን ሲላጭ «ሚጡ፣ ዛሬስ አታናግሪኝም?» አላት። ሬዲዮ ክው አለ። ሚጡ ያኔ ሁለት ዓመት አልፏታል፤ እኩዮቿ በየደጁ ይለፈልፋሉ። ማሽኑን አጠፋና ጀርባውን ለአግዳሚው ሰጥቶ ፎጣ የሚያራግፍ መሰለ። ከዚያ ድምፁን አቅጥኖ «ጆሮህን ታጥበህ ስትመጣ!» አለ።

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ሾፌሩ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሚጡም ሰው ሲስቅ አይታ ሳቀች። ሬዲዮ ደግሞ እፎይ አለ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው! «ሚጡ እንዲህ አለች» የሚለው ወሬ ሰፈሩን አዳረሰ። ሾፌሩን «መኪናህ ከጥርስህ በፊት ትረግፋለች» ያለችው ሚጡ ናት። ጡረተኛውን ጋሼን «እርስዎ ፀጉርዎን ቤት ረስተው ነው የመጡት?» ያለቻቸውም እሷው ናት። «አፏ ያባቷ ነው» ይላሉ ደንበኞቹ እየወጡ። እውነታቸውን ነበር።

ሚስቱ ይህን ስትሰማ አልሳቀችም።

«ልጄ አትናገርም፤ አንተ ታላግጣለህ።»

«ትዘገያለች እንጂ አትቀርም። እኔም ዘግይቼ ነው የጀመርኩት።»

«አንተ? አንተማ አዋላጇንም አላስወራሃት!»

እሱ ሳቀ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ እያየ ብርድ ልብሱን አለበሳትና ዝም አለ። ዝም ያለበት ጊዜ ጥቂት ስለሆነ ያቺን ሌሊት ይዘክራታል።

ሚጡ መዋዕለ ሕፃናት የምትገባበት ጊዜ ደረሰ። መምህርቷ ከጠረጴዛ ጀርባ አልጠበቀቻቸውም፤ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ ኳስ እያንከባለለች ነበር። «ስምሽ ማነው የኔ ቆንጆ?» አለቻት።

ሬዲዮ የልጁን ጫማ ሊያስር እንደመጎንበስ ብሎ በቀጭኑ ድምፅ «ሚጡ ነኝ፤ አንቺስ?» አለ።

መምህርቷ ፈገግ አለች። ኳሱን ከፍ አድርጋ ያዘችና ዳግመኛ ጠየቀቻት፤ «ይሄ ምንድነው?»

ሚጡ ኳሱን አላየችም። መምህርቷንም አላየችም። ቀና ብላ ያየችው የአባቷን አፍ ነው። ሲዘገይባት እጇን ዘርግታ ከንፈሩን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው፤ እንደተበላሸ መብራት ማብሪያ።

መምህርቷ ያየችውን አየች። የሬዲዮ ጆሮ ፍም መሰለ። «ዓይነ አፋር ናት፣ ቲቸር» አለ።

«ይሆናል» አለች መምህርቷ ረጋ ብላ። «መጀመሪያ ጆሮዋን ሐኪም ይይላት። ከዚያ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት እዚችው ክፍል ውስጥ ንግግር የዘገየባቸው ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ይመጣሉ። አንፈትናቸውም፤ እንጫወታለን። ወላጅም ቤት ሲገባ እንዴት እንደሚያጫውታቸው አብረን እንለማመዳለን። አሁን ብትጀምር መልካም ነው፤ ሁለት ዓመት ከጠበቅን ግን ሌሎቹ ማንበብ ሲጀምሩ እሷ ገና ከቃል ጋር ትታገላለች። ይምጡ፣ የሚጡ አባት።»

«እንዴታ! እንመጣለን» አለ፤ ላለመምጣት ልቡ ቆርጦ።

ጆሮዋን አስመረመራት፤ ደህና ነው ተባለ። ማክሰኞ ግን አልሄደም። የክፍሉ መስኮት ወደ ሻይ ቤቱ ያያል፤ ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ደግሞ ሾፌሩ ይቀመጣል። «ያቺ ምላሰኛዋ ሚጡ እዚያ ምን ትሠራለች?» ቢባል ምን ይመልሳል? መምህርቷ ስትደውል አንዴ አክስቱን አሳመመ፤ ሌላ ጊዜ ቧንቧ አፈነዳ። አክስቱ ጤነኛ ናቸው፤ ቧንቧውም እንኳን ሊፈነዳ ውኃ ከመጣበት ሰንብቷል። ሚስቱ ፈቃድ ጠይቃ ልትወስዳት ስትል «እኔ እወስዳታለሁ» ይላታል፤ ማታ ስትጠይቀው ደግሞ «ሄደናል፣ ጥሩ ነው» ይላታል። እሷን ሲዋሽ ዓይኑ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሱቁ ጢም ብሎ ሳለ በሩ ተከፈተና መምህርቷ ገባች። ያልመጣ ወላጅ ቤት መሄድ ልማዷ እንደሆነ እሱ ከየት ይወቅ! መቀሱ ከእጁ ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ። «እንደምን ዋሉ? ተራ እጠብቃለሁ» አለችና አግዳሚው ላይ፣ ሾፌሩ አጠገብ ቁጭ አለች። ሌላ ምንም አላለችም። ብትናገር ይሻለው ነበር።

ወንበሩ ላይ የነበሩት ጡረተኛው ጋሼ ናቸው። አንገታቸውን ደፍተዋል፤ የገባውን ሰው አላዩም።

«ምነው ዛሬ ሬዲዮው ባትሪ ጨረሰ?» አሉ። «ሚጡዬ፣ አባትሽ ምን ነካው?»

ሱቁ ጸጥ ብሎ መልሷን መጠበቅ ጀመረ። ሾፌሩ ከወዲሁ ጥርሱን ገልጧል። ሬዲዮ በመስታወቱ ውስጥ መምህርቷን አያት፤ እሷ ወለሉን ታያለች። ዝም በል፣ አለው ልቡ። ግን ጸጥታ ሲመጣ መናገር የለመደ አፍ ነውና፣ እጁ ማሽኑን አጠፋ፣ ጀርባው ዞረ፣ ፎጣው ተራገፈ፤ ያ ቀጭን ድምፅም ወጣ፦

«ምላሱን ለእኔ አውሶኝ ነው!»

ሱቁ ፈነዳ። ሾፌሩ ጭኑን መታ። መምህርቷ ብቻ አልሳቀችም። ሬዲዮ ዝቅ ብሎ ሲያይ ሚጡ ከወንበሯ ተነሥታለች፤ ደረቷን ነፍታ ሳቂዎቹን አንድ በአንድ ታያለች፣ በኩራት። ያሳቀቻቸው እሷ ነበረች። ቃሉ የእሷ ነበር። አባቷ አፍ ውስጥ ማደሩ ለእሷ ምንም አልነበረም።

ሬዲዮ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። 

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑ?» አለ ሾፌሩ፣ ገና እየሳቀ።

«የማወራው እኔ ነኝ። ሁልጊዜም እኔ ነበርኩ። ልጄ አትናገርም። አንድም ቃል ተናግራ አታውቅም።»

ሳቁ እንደ ማሽኑ ጠፋ። አንዱ አሳለ። ሾፌሩ ጫማውን ማየት ጀመረ። ጡረተኛው ጋሼ ማጅራታቸው ግማሹ ተላጭቶ ግማሹ ሳይላጭ ቀና አሉና በመስታወቱ ውስጥ አፈጠጡበት።

«ታዲያ ‹ፀጉርዎን ቤት ረስተው› ያልከኝ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ከሕፃን አፍ ነው ብዬ እኮ ነው የሳቅኩት» አሉ። ከዚያ ወደ ሚጡ ዝቅ ብለው አዩና ድምፃቸው ተለወጠ። «እኔ ደግሞ ስትመልስልኝ እየሰማሁ፣ ይቺን ልጅ አንድ ቀን እንኳ ዞሬ ዓይኗን አላየሁም።»

መምህርቷ ተነሣች። «ማክሰኞ» አለች። ሬዲዮ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።  የዚያን ማታ ለሚስቱ የማክሰኞዎቹን ውሸት ሁሉ ነገራት። አልጮኸችም። ሳህኑን አንሥታ ሄደች፤ ጩኸቱን ተመኘ።

ማክሰኞ በሻይ ቤቱ በረንዳ ፊት ለፊት፣ የልጁን እጅ ይዞ አለፈ። ክፍሉ ውስጥ ጉልበቱ አገጩን በሚነካበት ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ አንዲት እናትና አንድ አያት ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠዋል፤ ከጨዋታቸው እንደተረዳው ሁሉም ከእሱ ቀድመው ጀምረዋል። የሚያፍር ፊት እዚያ የእሱ ብቻ ነበር።

መምህርቷ ኳሱን ሚጡ የማትደርስበት መደርደሪያ ላይ አኖረችው። «የእርስዎ ሥራ ቀላል ነው» አለችው። «‹ምን ልስጥሽ?› ይበሏትና ይጠብቁ። እሷን ተክተው አይመልሱ። ፊቷን እያዩ ይጠብቁ ብቻ።»

ቀላል ስትል! ሬዲዮ ጠየቀና አፉን ገጠመ። ሚጡ ኳሱን አሳየችው። ጠበቀ። አፉን አየች። ጠበቀ። ከንፈሩን ነካ ነካ አደረገችው፤ ከዚያ ተናዳ በጥፊ አለችው። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ያ ሁሉ ቀልድ ጉሮሮው ላይ ተደርድሮ «ልውጣ፣ ልውጣ» ይለዋል። ዋጠው። ሚጡ ከአባቷ አፍ ምንም እንደማይመጣ ሲገባት ግራ ተጋባች። ኳሱን አየች። የራሷን ከንፈር በጣቷ ነካች።

«ኳ» አለች።

ቃል አይባልም፤ የቃል ጫፍ ነው። መምህርቷ ኳሱን አውርዳ «ኳስ! እንኪ ኳስ» አለቻት። ሬዲዮ ግን አልተንቀሳቀሰም። ለቅሶዋን ያውቀዋል፣ ሳቋንም ያውቀዋል፤ ይህን ግን ሰምቶት አያውቅም። ጎርናና ነበር፤ ወፍራም፣ ትንሽ ሻካራ፣ የእናቷን እናት ድምፅ የሚመስል። እሱ ሲያወጣላት ከኖረው ቀጭን ድምፅ ጋር አይገናኝም። ያ ሁሉ ሰፈር የሳቀው ሌላ ልጅ ሲያወራ ሰምቶ ነው። ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

በማግስቱ ጡረተኛው ጋሼ ሳያኮርፉ መጡ፤ ያም ለእሳቸው ትልቅ ነገር ነው። አግዳሚው ሞልቷል።

«ትናንት ሄዳችሁ አሉ» አሉ። «ታዲያ ምን አለች?»

ሬዲዮ የማንንም ድምፅ ማስመሰል ይችላል፤ የቀበሌ ሊቀመንበሩን፣ የሾፌሩን ሞተር፣ አማቱን። አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። የሚጡን ትንሽ ወንበር ከመስታወቱ ሥር አወጣና ሁሉም ፊቷን በሚያይበት ቦታ አኖረና ሚጡን አስቀመጠባት።

«ራሷን ይጠይቋት» አለ። ማሽኑን አጠፋ። ጆሮው እንደቀላ፣ ዓይኑን ከደንበኞቹ እንዳሸሸ፣ ጠበቀ።