አለቃው ራሱ ቢሆንስ?

በሕግ ማርቀቂያው ክፍል ሁሉም እትዬ ነበር የሚሏት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሎች ያረቀቁትን ሕግ ስትተይብ የኖረች ጸሐፊ ናት። ነጠላ ሰረዝ የት እንደሚገባ ከሕግ አዋቂዎቹ ይልቅ እሷ ታውቃለች፤ እነሱም ይህን ስለሚያውቁ የሞነጫጨሩትን ጠረጴዛዋ ላይ ጥለውላት ምሳቸውን ሊበሉ ይሄዳሉ።

አንድ ሰኞ የጾታ እኩልነት አዋጅ ረቂቅ መጣላት። ያረቀቁት ዘጠኝ ወንዶች ናቸው። ደስ ብሏት ጀመረች። ሦስተኛው ገጽ ላይ «በተቻለ መጠን» ይላል፤ አምስተኛው ላይ «ሁኔታዎች ሲፈቅዱ»። ይሁን ብላ አለፈች። አንቀጽ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ግን ጣቷ ቆመ። «በሥራ ቦታ ትንኮሳ የደረሰባት ሴት አቤቱታዋን ለቅርብ አለቃዋ በጽሑፍ ታቀርባለች።»

ታናሽ እህቷ ትዝ አለቻት። ሆቴል ውስጥ ክፍል አጽጂ ነበረች። እጁን አልሰበስብ ያለው ራሱ የቅርብ አለቃዋ ነበር። ተው አለችው። በሳምንቱ «ከእንግዶች ጋር አትግባባም» ተብላ ተባረረች።

ረቂቁን ይዛ የአርቃቂዎቹ ሰብሳቢ ቢሮ ገባች።

«ጋሼ፣ አለቃው ራሱ ቢሆንስ?»

«ምን ቢሆን?»

«ተንኳሹ።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «እንደዚያ ዓይነቱን ሰው ማን አለቃ ያደርገዋል እትዬ?» አሉና ድንገት ፊታቸው በራ። «ይልቅ እንኳን መጣሽ! ነገ የምክክር ስብሰባ አለን፤ ሴት ጎድሎናል። ግቢና ተቀመጪልን።»

በማግስቱ ገብታ ተቀመጠች። ለመቀመጥ ብቻ የተጠራችው ሴት ግን እጇን አወጣች። የእህቷን ታሪክ ስሟን ሳትጠራ ተናገረች፤ ቀጥላም «ቅጣቱ የት ነው ያለው? ብፈልግ አጣሁት» አለች።

«መጀመሪያ ሰዉ ይልመደው» አሉ ሰብሳቢው። «ቅጣት ካስገባንበት ወንዶቹ ይሸሹታል። ለማንኛውም ስለ ስሜታዊ አስተያየትሽ እናመሰግናለን።»

ለሻይ ሲወጡ ጠጋ ብለው፣ «ቃለ ጉባኤው ላይ ‹ሴቶች በሙሉ ድምፅ ደግፈውታል› በይ» አሏት።

ሴቶቹ እሷ ብቻ ነበረች። ስለዚህ የሴቶቹን ድምፅ እንዳለ ጻፈችው፤ የሰብሳቢውንም መልስ ቃል በቃል። ወስዳ ሰጠቻቸው። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ሳያነቡ ፈረሙ።

ቃለ ጉባኤው ከረቂቁ ጋር ተያይዞ ሄደና ምክር ቤት ውስጥ በንባብ ተሰማ። «ወንዶቹ ይሸሹታል» ሲባል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ከዚያ ሴቶቹ ተወካዮች ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ይቆጡ ጀመር። ረቂቁ እንዲታረም በዚያው ቀን ተመለሰ።

«ምን አድርጌሽ ነው ያዋረድሽኝ?» ብለው ጮኹባት ሰብሳቢው።

«የተናገሩትን ነው የጻፍኩት ጋሼ።»

ወደ መዝገብ ቤት አዛወሯት። አዋጁ ግን ሲጸድቅ አቤቱታ የሚቀርበው ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ላለ አካል ሆነ። ቅጣቱ «ወደፊት በሚወጣ መመሪያ ይወሰናል» ተብሏል፤ መመሪያውን እስከ ዛሬ ያየው የለም።

አንቀጹን ለእህቷ በስልክ ሁለት ጊዜ አነበበችላት። እህቷም፣ «እታለም፣ ለሆቴሉ ልጆች ላኪላቸው» አለቻት።

መዝገብ ቤቱ ውስጥ ኮፒ ማሽን አለ። አርባ ቅጂ አወጣች።