ጡረታዬን በርበሬ ላይ ያዋልኩበት ዓመት

የምሠራበት ፕሮጀክት ሊዘጋ መሆኑን ያወቅኩት ራሴ ከተየብኩት ደብዳቤ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። አለቃዬ በእጁ የጻፈውን ረቂቅ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ጣቶቼ ቆሙ። ቆይቼ ግን ጨረስኩት፤ በሦስት ቅጂ አውጥቼ ማኅተም አስመታሁበት።

ፕሮጀክቱ መንግሥት በተለወጠ ማግሥት የመጣ የእርዳታ ሥራ ነበር። ያን ጊዜ ጡረታ የመንግሥት ሠራተኛ ወግ ነው። እኛ ያለን ፕሮቪደንት ፈንድ የሚሉት ብቻ ነበር፤ በየወሩ ከደሞዛችን ይቆረጣል፣ ድርጅቱ የራሱን ይጨምርበታል፣ ስንሰናበት አንዴ ተጠቃሎ ይሰጠናል። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አይሰጠንም። አርባ ስምንት ዓመቴ ነበር። ባሌ ሞቷል፤ ልጅ አልወለድኩም። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ዓይኗ የደከመው እናቴ ነን። ገንዘቡን ተቀብዬ ስወጣ ደስታ የሚመስል ነገር እንኳ አልተሰማኝም። ይህ ሲያልቅስ? አልኩ፤ እዚያው የቢሮው ደጃፍ ላይ።

ምክሩን ያመጡልኝ የዕቃ ግምጃ ቤታችን ኃላፊ የነበሩት ሰው ናቸው። የቡሬ ሰው ናቸው፤ በዕድሜ ዐሥር ዓመት ይበልጡኛል፤ ጋሼ እላቸው ነበር። እሳቸውም እንደኔው ተሰናብተው ገንዘባቸውን ይዘዋል።

«ባንክ ብታስቀምጪው ኑሮው ቀድሞት ይሄዳል» አሉኝ። «በርበሬ ግዢ። ጥር ላይ በርካሽ ትገዣለሽ፣ ግንቦት ላይ ትሸጫለሽ። ዐምና በርበሬ ያስቀመጡት ሰዎች ቤታቸውን ቆርቆሮ ሲያለብሱ አላየሽም?»

አይቻለሁ። ያላየ አልነበረም። ጥር ላይ ቡሬ ድረስ አብረን ሄደን ገዛን፤ እሳቸው የራሳቸውን፣ እኔ የራሴን። የእኔ ሃያ ሦስት ጆንያ ዛላ በርበሬ ፍኖተ ሰላም ድረስ በጭነት መኪና፣ ከአስፋልቱ እስከ ደጄ በፈረስ ጋሪ መጥቶ የእንግዳ ክፍሌን እስከ ጣሪያው ሞላው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ሦስት ጊዜ አስነጠሰች።

«ይህ ሁሉ በርበሬ ለማን ድግስ ነው?»

«ለእርጅናዬ ነው፣ እማ።»

«አረግ! እርጅናሽ ገና ሳይመጣ አስነጠሰኝ እኮ!»

ሳቅን። ለረጅም ጊዜ የመጨረሻው ሳቄ እሱ ነበር።

ዐቢይ ጾም ገባ፤ ዋጋው ከገዛሁበት ዝቅ አለ። በጾም መካከል ነውና ለፋሲካ ይነሣል ተባለ። ፋሲካ መጣ፤ አልተነሣም። ነገሩ ቀላል ነበር፤ እኛ ነን ያላየነው። ዐምና በርበሬ ስላዋጣ ገበሬው ሁሉ በቆሎውን ትቶ በርበሬ ተክሏል። ከአዲስ አበባ ይመጡ የነበሩት ነጋዴዎች ደግሞ የሚበቃቸውን ቀደም ብለው ጭነው ሄደዋል።

በየገበያው ቀን ቅርጫት ይዤ እንደ ገዢ መጠየቅ ጀመርኩ። አንድ ቀን አንዲት ሴት ዋጋ ነገረችኝ። ገና አፌን ሳልከፍት «በይ እሺ፣ ቀንሼልሻለሁ» አለችኝ። ተከራክሬያት ብትቀንስ ደግ ነበር፤ ሳልከራከራት ነው የቀነሰችው። ሩብ ኪሎ እንኳ ሳልገዛ ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ መንገድ ላይ ማን ሰላም እንዳለኝ አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድልሽ አለኝ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ቅዳሴው ያልፍና ምን እንደተባለ አልሰማም። እናቴን ስመግባት፣ እሷ ስትሞት ገንዘብ ያስጨንቀኝ ይሆን ብዬ አስባለሁ፤ በሐሳቤም አፍራለሁ።

ጋሼ ወደ ፍኖተ ሰላም በመጡ ቁጥር ቤቴ ጎራ ይሉ ነበር።

«እንሽጠው ይሆን?» እላቸዋለሁ።

«እንዳታደርጊው! የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። እኔን አታይም? አንድ ጆንያ አልነካሁም።»

እሳቸውን እያየሁ እጽናና ነበር። ሁለታችንም አንድ ጀልባ ላይ ነን ብዬ ነው።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ግን አላስችል አለኝና ሳልነግራቸው ቡሬ ሄድኩ። የበርበሬ ተራው ቀይ በቀይ ሆኗል፤ ሻጩ ብዙ፣ ገዢው ጥቂት። ስዞር ስዞር አንድ ጥግ ሚዛን አጠገብ፣ ጆንያ ላይ የተቀመጡ ሰው አየሁ። ጋሼ ናቸው። ደላላው ጆንያ ይቆጥራል፤ አራት ቀርተዋል። ሲያዩኝ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት።

«ጋሼ፣ እየሸጡ ነው?»

ፊታቸውን ወደ ሚዛኑ አዞሩ።

«መቼ ጀመሩ?»

«ከፋሲካ ሳምንት ጀምሮ» አሉ፣ መሬት መሬቱን እያዩ።

«እኔን ያዢ እያሉኝ?»

«አንቺም ብታወጪው ገበያው ይብስ ይወርዳል ብዬ ፈራሁ። ፈርቼ ነው፣ እኅቴ። ሌላ ምን ልበልሽ?»

መቆጣት ነበረብኝ። አልቻልኩም። እኔን ያስደነገጠኝ ውሸታቸው አልነበረም። ከእኔ በላይ ገበያውን የሚያውቁት፣ የሚያጽናኑኝ ሰው ከእኔ ቀድመው መፍራታቸው ነው። ደላላውን ዋጋ ጠየቅኩት። ሲነግረኝ እዚያው ጆንያ ላይ፣ እሳቸው አጠገብ ተቀመጥኩ።

በዚያ ዋጋ መሸጥ አልሆነልኝም። የልቤ ጽናት እንዳይመስላችሁ፤ መወሰን ስለተሳነኝ ነው። ሰኔ ገባ፤ ዝናቡም ጀመረ። አንድ ማለዳ እናቴ ከመደቧ ሆና ጠራችኝ።

«አንቺ፣ ምድር ቤት ምድር ቤት የሚል ነገር ሸተተኝ።»

«ዝናቡ ነው፣ እማ።»

«አይደለም። ዓይኔ ነው እንጂ የጠፋው፣ አፍንጫዬ አለ። ሂጂና እዪው በርበሬሽን።»

ግድግዳው በኩል ያለውን ጆንያ ፈትቼ እጄን ስሰድ ሞቀኝ። ያን ሙቀት መቼም አልረሳውም፤ የታመመ ሰው ግንባር ይመስል ነበር። ያወጣሁት ዛላ ውስጡ ነጭና ግራጫ ሻጋታ ለብሷል። ሁለተኛውን ፈታሁ፤ እሱም። ሦስተኛውን ለመፍታት ፈርቼ ደጅ ወጣሁና ዝናብ ላይ ቆምኩ። ዐሥራ አንድ ዓመት የተየብኩበት ገንዘብ እዚያ ክፍል ውስጥ እየሻገተ ነው።

«ቆመሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አለች እናቴ ከውስጥ። «የበሰበሰውን ጣይ፣ ደህናውን ቀንጥሰሽ አስፈጪው። ዛላውን የሚገዛ ባይኖር፣ የተደለዘ በርበሬ የሚጠላ ሰው አለ?»

ያን ዕለት ጀመርን። በማግሥቱ ጋሼ ደጄ ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ ወሬው ቡሬ ደርሷል። ይቅርታ አላሉኝም። ጋቢያቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ከጆንያው ፊት ተቀመጡ። እንደ ግምጃ ቤቱ ጊዜ አንዱንም ዛላ ሳያዩ አያሳልፉም፤ እየሰነጠቁ ውስጡን አይተው፣ ደህናውን ወደ አንድ፣ የሻገተውን ወደ ሌላ። እናቴ ያጠራጠራቸውን ሁሉ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ትፈርዳለች። ስምንት ጆንያ የሚያህል ጣልን። እያንዳንዱ ሲወጣ ከኋላው እስከ ቆሻሻ ጉድጓዱ እየሄድኩ አየሁት።

የተረፈውን በየጥቂቱ፣ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር እያሰጣን፣ ሲጠፋም በምድጃ ዳር እያደረቅን፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል፣ በበሶብላና በኮረሪማ ደልዘን አስፈጨነው። የቀድሞ ባልደረቦቼ በየመሥሪያ ቤቱ ተበትነው ነበርና በኪሎ እየመዘንኩ ለእነሱ አከፋፈልኩ። ለመምህራን፣ ለሆስፒታሉ ነርሶች በወር ደሞዛቸው እንዲከፍሉኝ በዱቤ እየሰጠሁ እስከ ኅዳር ድረስ ቆየሁ። በየወሩ መጨረሻ አንዱ ባይከፍለኝስ እያልኩ ስፈራ ነበር፤ ከሁለት ሰው በቀር ሁሉም ከፈሉኝ።

በመጨረሻ ካወጣሁት ከሦስት እጁ ሁለቱ ገደማ ተመለሰልኝ። ሸጠው የወጡት ጋሼ ከእኔ በላይ ከሰሩ፤ ሆኖም እኔ ዐውቄ የተረፍኩ አይደለሁም። የቀረኝን ባንክ አስገባሁት፤ ወለዱ ትንሽ ነው፣ ግን አይሻግትም። ድለዛውን አልተውኩም። እናቴ እስክታርፍ ድረስ የኖርነው በእሱ ነው፤ ተዝካሯንም አወጣሁላት።

በሁለተኛው ዓመት የበርበሬ ዋጋ ሰማይ ነካ። ሰዎች መጥተው «ዘንድሮስ አትገዢም?» አሉኝ። ለድለዛ የሚበቃኝን ሁለት ጆንያ ገዛሁ፤ ሲያራግፉልኝም እጄን እስከ ክንዴ ሰድጄ ቀዝቃዛ መሆኑን ሳላረጋግጥ ገንዘቡን አልሰጠሁም።